ሃያ ወደ ግራ

ያን ቀን የመርከቧን መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ማንም በካፒቴን ፌንዊክ ሲያሾፍ ዝም ብዬ አልሰማም።

ፖርትስመዝ ወደብ ልንገባ ስንል ተረኛው መኮንን ሌተና ኮልበርን ነበር፤ በቅርቡ ያገባ፣ ጥንቁቅ ሰው። ካፒቴኑ የኮኮዋ ኩባያቸውን እንደያዙ ወጡና በሌተናው ትከሻ ላይ አሻግረው «ሃያ ወደ ግራ» አሉኝ። መሪውን ሃያ ዲግሪ ወደ ግራ አዞርኩ። መርከቧ አሸዋ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

እኛ ባሕር ኃይሎች ዘንድ ካፒቴኑ «መርከቧን ተረክቤያለሁ» እስኪሉ ድረስ ኃላፊው ተረኛው ነው። ግን በገዛ አፋቸው መሪውን ካዘዙ፣ ያንን ባይሉም ተረክበዋል። ይህን የማያውቅ መርከበኛ የለም። በመርከቧ መዝገብ ላይ ኃላፊ ተብሎ የሰፈረው ግን የኮልበርን ስም ነበር። ፌንዊክ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ አድሚራል ለመሆን የቀራቸው አንድ ፊርማ ነው።

ኮልበርን ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። እንደ ልማዱ የራሱን ሰይፍ ዳኞቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ዳኞቹ መክረው ለፍርድ ሲጠሩት ጫፉ ወደ እሱ ዞሮ ካገኘው ጥፋተኛ ነው፤ አበቃለት።

መጀመሪያ እኔ መሰከርኩ። በስንት ሰዓት እንዳዞርኩ ጠየቁኝ እንጂ ማን እንዳዘዘኝ አልጠየቁኝም። ጡረታዬ አራት ወር ቀርቶት ነበርና አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ ፌንዊክ ቆሙ።

«መርከቧን ተረክቤያለሁ ብለው ነበር?» አሏቸው የችሎቱ ሰብሳቢ።

«አላልኩም።»

እውነት ነው፣ አላሉም። ደሜ ግን ፈላ፤ በልቤ አንቱታውን ነፈግኳቸው። ሰብሳቢው አመስግነው አሰናበቷቸው። ፌንዊክ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ሁለት ጊዜ አዟዟሩት።

«ጌታዬ፣ የጠየቁኝ ያላልኩትን ነው» አሉ። «ያልኩትን ማንም አልጠየቀኝም። ሃያ ወደ ግራ ብዬ መሪውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትልባቸው ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ። ፌንዊክ እንደሚያውቁ ተናግረው ወረዱ።

ኮልበርን ተመልሶ ሲገባ ወደ እሱ የዞረው የሰይፉ እጀታ ነበር።

በወሩ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ጫፉ ወደ ፌንዊክ ዞረ። አድሚራልነቱ ቀረ። በር ላይ ጠበቅኳቸውና ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«አንተ በደንብ ነው ያዞርከው» አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ የነበረው ስለ መሪው አልነበረም። እሳቸውም ያውቁ ነበር።