የእሱባለው ባነር

እሱባለው ይህን ታሪክ ሲያወራ ከማንም በላይ ራሱን ነው የሚያማው። ድረ ገጽ መሥራት እንጀራው ነው። ዓይነ ስውራን ያለማንም እርዳታ የሚጠቀሙበት ድረ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ አምስት ወር አጥንቶ፣ ዓለም አቀፍ ፈተና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ያገኘ ጊዜ ግን ሥራውን ትቶ ክብሩን ያዘ። ጅማ መርካቶ ካለ ማተሚያ ቤት ሄዶ ትልቅ ባነር አሠራ። የጽጌረዳ ሥዕል፣ ሱፍ ለብሶ የተነሳው ፎቶ፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የሚሰጠው አገልግሎት፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር እላዩ ላይ ነበር። ባነሩን ቢሮው በር ላይ ሰቀለው። አምሮቱ አልወጣለት ሲል ደግሞ ያንኑ ምስል እንዳለ የድረ ገጹ መግቢያ አደረገው።

ከጅማ ወጣ ብሎ ሰቃ ያለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ድረ ገጽ ሊያሠራ መሆኑን ሲሰማ ሥራውን እንዳገኘው ቆጠረ። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ደንበኛ በሩን አላንኳኳም ነበር። ይህ ካመለጠው ቢሮውን ዘግቶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄዱ ነው፤ ከጅማ መውጣት ደግሞ ለእሱ ሞት ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ ሀቢቡላህ ናቸው። ዓይናቸውን ካጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ስልካቸው የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ ያነብላቸዋል። እሱባለው የእሸት ቡና መረከቢያው ድረስ ሄዶ፣ ገበሬው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዓይነ ስውር ሰው በስልክ እንዴት እንደሚጠቀም ለሐጂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው። ዛሬ ያን ግማሽ ሰዓት ሲያስታውሰው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል። ሐጂ በትዕግሥት ሰምተው ሲጨርስ የራሱን ድረ ገጽ አድራሻ ጠየቁትና ስልካቸው ላይ ከፈቱት።

«ምስል» አለ ስልኩ።

ሐጂ ጣታቸውን አንሸራተቱ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረም። ሱፉ የለ፣ ሙያው የለ፣ ስልክ ቁጥሩ የለ። ለእያንዳንዱ ምስል በጽሑፍ መግለጫ ማስቀመጥ የፈተናው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር፤ እሱባለውም በትክክል መልሶታል። ጆሮው ድረስ ጋለ።

ማኅበሩ አንድ ደንብ አለው። ቡና ያመጣ ገበሬ ሚዛን ከመድረሱ በፊት እሸቱን ሸራ ላይ ዘርግፎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ራሱ ይለቅማል። ሐጂ ትከሻቸው ላይ የጣሉትን ሻርፕ አውርደው ሰጡት።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዓይንህን በዚህ እሰርና አንተም ልቀም» አሉት።

እሱባለው ላፕቶፑን ይዞ ሸራው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ባነሩን ከድረ ገጹ ላይ አውልቆ ጣለና ገጹን እንደ አዲስ ጻፈው። ዓይኑን እያሰረ በጆሮው ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ይፈታል፣ ያርማል። አጠገቡ እሸቷን የምትለቅም ለጢፋ የምትባል ገበሬ ሥራውን ስታይ ቆይታ፣ ያንተስ ከኔም ይብሳል አለችው። እሱባለው ሻርፑን መልሶ ዓይኑ ላይ አሰረ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ስልካቸውን እንደገና ከፈቱ። ሙያው ተነበበ፤ ስልክ ቁጥሩም ተነበበ። መጨረሻ ላይ ስልኩ እንዲህ አለ፦ «ምስል። የእሱባለው የምስክር ወረቀት። ባለቤቱ ሰቃ ሸራ ላይ ተዘርግፎ እየተለቀመ ነው።»

ሐጂ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ወደ ሚዛን ሠራተኛው ዞሩ።

«እሱንም ተረከቡት» አሉ።