በጓሮ በር የገባችው

መኪናው ጡሩንባውን ሲያምባርቅ፣ በሰፈሩ ክሊኒክ ትልቋ ሲስተር የምትባለው ነርስ የልጇን ክንድ አፈፍ አደረገች። እናት ናትና ታደርገዋለች፤ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት እናቷን በቁመት ብትበልጥም መንገድ ስትሻገር ክንዷ የእናቷ ነው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተሳድቦ አለፈ። ሲስተር ግን ስድቡን አልሰማችም። ጣቶቿ ከልጇ ክንድ በውስጥ በኩል፣ ከሹራቡ ስር፣ የክብሪት እንጨት በሚያህሉ ሁለት ነገሮች ላይ አርፈው ነበር።

ሌላ እናት ብትሆን ጅማት ነው ብላ ታልፈው ነበር። እሷ ግን ይህን የወሊድ መከላከያ ከሴቶች ክንድ ቆዳ ስር ስትቀብርና ስታወጣ ነው ጸጉሯ የሸበተው። ዓይኗን ጨፍና ብትዳስሰውም አትስተውም።

«እማዬ፣ አመመኝ እኮ» አለች ልጅቷ። ጉንጮቿ ሞላ ያሉ ስለሆኑ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤት ውስጥ ጉንጬ ነው የምትባለው።

ሲስተር ክንዱን ለቀቀች። ዳቦ ሊገዙ ነበር የወጡት፤ ገዝተው ተመለሱ። ጉንጬ የሂሳብ አስተማሪዋን አነጋገር እያስመሰለች ስታወራ እናት በየመሃሉ «እህ» ትላለች፤ የሚያስቀው ቦታ ላይም ሳቅ ለማለት ትሞክራለች። በልቧ ግን የምትለው ሌላ ነው። ልጄ ለእኔ ሳትነግረኝ! ለእኔ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ምስጢሩን ለሚነግረኝ!

ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ የባሰው መጣባት። ሁለቱ ዘንጎች ትንሽ ወደ ውስጥ አዘንብለው ነበር የተቀበሩት። በክሊኒኩ ውስጥ እንደዚያ አዘንብላ የምትቀብር አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ግራኝ ስለሆነች። እሷም ትንሿ ሲስተር ናት።

ትንሿን ሲስተር ሰው ያደረገቻት ትልቋ ናት። ገና ተመርቃ ስትመጣ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትልቋ እጇን በእጇ ይዛ አስተማረቻት። «በቀኝሽ ሥሪ» እያሉ ሲያስጨንቋትም «ተዉአት፣ ሥራው እስካማረ ድረስ ምናችሁ ነው?» ብላ የተከራከረችላት እሷ ናት። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ነው የሚበሉት። አንዷ ስትቀር ሌላዋ እህል አልወርድ ይላታል። እንግዲህ ይቺው ሴት ናት፣ በየቀኑ «ጉንጬ እንዴት ናት? ትምህርት እንዴት ይዟታል?» እያለች ስትጠይቅ የከረመችው። ክንዷን ቀድዳ ቀብራ ስታበቃ «እንዴት ናት?» ትላለች!

የጓሮው በር ነገርም አለ። ክሊኒኩ ድሮ አንድ በር ብቻ ነበረው። ገና ሲገቡ አግዳሚው ወንበር ላይ የሰፈሩ እናቶች ተደርድረው ይታያሉ፤ አንዲት ኮረዳ ብቅ ካለች ካርድ ሳታወጣ ወሬዋ ቤቷ ይቀድማታል። ስለዚህ ኮረዶቹ መከላከያ ለመውሰድ አይመጡም ነበር። የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ፣ እያለቀሱ ነው። ትልቋ ሲስተር ኃላፊውን ነዘነዘችው፤ ሲሰለቸውም ነዘነዘችው። በመጨረሻ ግድግዳው ተሰብሮ ኮረዶቹ ለሚታዩበት ክፍል በጓሮ በኩል የራሱ በር ወጣለት። በዚያ በር የገባች ልጅ ወላጇን ይዛ ነይ አትባልም፤ የወላጅ ፈቃድ አትጠየቅም። ይህን የሰሙ እናቶች እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ሲመጡባት ንቅንቅ አላለችም። «ስለማንም ልጅ ለማንም እናት አላወራም» ትላቸዋለች። አንዷ የጋዋኗን ጫፍ ይዛ «አንቺ ልጅ የለሽም?» ብላ አልቅሳባት ነበር። «አለኝ» አለቻት፣ አፏን ሞልታ። ያኔ ማለት ቀላል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿን ሲስተር የሕክምና እቃ ከሚቀቀልበት ክፍል አገኘቻት። መቀሶቹን አንድ በአንድ እየጠረገች ትሪ ላይ ትደረድር ነበር። ትልቋ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ልጄን ምን አድርገሻታል?»

ትንሿ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የመጣውን ድንጋጤ ልትመልሰው ሞከረች፤ ግን ታይቶባታል።

«የትኛዋን ልጅ?»

«አትቀልጂብኝ! ክንዷን ይዤዋለሁ። እጅሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኩሽ?»

«ሲስተርዬ...»

«አንድ ቃል አጥተሽ ነው? ምሳ ስንበላ፣ ጋዋን ስንቀይር፣ 'እስቲ ልጅሽን አናግሪያት' ማለት አቃተሽ? እኔ እኮ ከግድግዳው ማዶ ነበርኩ። ሕፃናት እየከተብኩ! አንቺ በጓሮው ክፍል የእኔን ልጅ ክንድ ስትቀድጂ፣ እኔ እዚያ የሰው ልጅ አባብላለሁ።»

ትንሿ መቀሱን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምጿ ግን አልተሰበረም።

«ስለማንም ልጅ ለማንም እናት አላወራም» አለች።

ቃሉ የትልቋ የራሷ ነው። ከነድምፁ፣ ከነአገጭ አነሳሱ የራሷ ነው።

«ማንም ሆንኩ?» አለች። «ለአንቺ እኔ ማንም ነኝ?»

ትንሿ መቀሱን መልሳ አንስታ መጥረግ ጀመረች። እንባዋ ግን ጋዋኗ ላይ ጠብ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ምሳሽን ለብቻሽ ብዪ።» ይህን ብላ ወጣች። የሸበተች ሴት እንደ ሕፃን አኮረፈች፤ ከዚህ የበለጠ የሚያም ነገር ብታገኝ ኖሮ እሱን ትላት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራሴን አሞኛል ብላ ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ጓንት፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ማደንዘዣና ፋሻ ነበር። ልታወጣው ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ሲመለስ ምንም ሳይሰማ ነገሩ ተዘግቶ ያድራል። ተደብቆ የገባውን እናት ታወጣዋለች፤ ማን ምን ይላታል? መንገዱን ሁሉ እንዲህ እያለች ራሷን ስታሳምን ሄደች።

ጉንጬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተስቦ፣ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፎበት አገኘችው። ምላጩን አየች። እናቷን አየች። ቀኝ እጇ ሳታውቀው ሄዶ ግራ ክንዷን ያዘ።

«ነገረችሽ?» አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር። «ሲስተር ነገረችሽ?»

አዎ ብትል ትንሿ ሲስተር ከዚህች ልጅ ልብ ለሁልጊዜ ትወጣ ነበር። አዎ ማለት አማራት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«አልነገረችኝም። ትናንት መንገድ ስንሻገር በእጄ አገኘሁት።»

ጉንጬ እፎይ አለች። ትከሻዋ ዝቅ ሲል በግልጽ ታየ። እናትየዋን ያንገበገባት ይህ ነው። ልጅቷ በእናቷ መያዟ አላስጨነቃትም፤ ያስጨነቃት ያቺ ሴት ቃሏን መብላቷ አለመብላቷ ነው።

«ማነው ልጁ?»

«ማንም የለም። ገና ምንም የለም።»

«ገና? ገና ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከሆነ በኋላ እያለቀሳችሁ ከምትመጡ፣ ምንም ሳይሆን በፊት ኑ አላልሽም? ክፍላችን መጥተሽ?»

ሲስተር በእርግጥ ብላለች። በትምህርት ቤቱ ግብዣ ሄዳ፣ ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ «ብቻችሁን ኑ፣ በጓሮ በር ግቡ፣ ከራሳችሁ ፈቃድ በቀር የማንንም ፈቃድ አንጠይቃችሁም» ብላ ነበር። ልጆቹ እየተጓሸሙ ሲሳሳቁ ጉንጬ ጆሮዋ ፍም መስሎ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«እሱ ለሌሎቹ ነው!» አለች ሲስተር፤ አመለጣት።

«አዎ። የዚያን ቀንም ቤት ስንገባ እንደዚህ ነው ያልሽኝ። 'ያ ለሌሎቹ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም' አልሽኝ። እኔ እኮ ጥያቄ ነበረኝ፣ እማዬ። ክፍል ውስጥ አፍሬ፣ ቤት ስንገባ እጠይቃታለሁ ብዬ ይዤው ነበር የመጣሁት።»

ልጅቷ በክፍሉ ሁሉ ፊት ያፈረችውን ጥያቄ ተሸክማ ከአጠገቧ ስትራመድ፣ ሲስተር ያን ቀን ስለ ምን ታወራ እንደነበር እንኳ አታስታውስም። ንዴት ግን አንዴ ከተነሳ መቀመጫ ያጣል።

«ክንድሽን» አለች።

ጉንጬ ተቀመጠች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ፎጣው ላይ ዘረጋችው። ብትጮህ፣ ብትሮጥ ይሻል ነበር፤ እናትየዋም ለጩኸቱ ተዘጋጅታለች። ልጅቷ ግን የእናቷን ዓይን ዓይን ታያለች።

ሲስተር ጓንቷን አጠለቀች። ቆዳውን አጸዳች። ማደንዘዣውን በመርፌ ስባ አየሩን በጣቷ እየመታች አስወጣች። ሥራ ሲይዝ እጇ ይረጋል፤ ዛሬም ረጋ። ወንበሯን ሳበች፣ ክንዱን በሁለት ጣቶቿ ያዘችና ወደ ልጅቷ ፊት ቀና አለች። ያኔ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ሴቶች ስትጠይቅ የኖረችውን፣ ለትንሿም «ይህን ሳትዪ የሰው ቆዳ እንዳትነኪ» ብላ ያስተማረቻትን ጥያቄ፣ አፏ ሳታዘው ተናገረው፦

«ልጀምር ነው። ፈቅደሻል?»

የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው።

ጉንጬ አንዴ መርፌውን፣ አንዴ እናቷን አየች።

«አልፈቀድኩም» አለች፣ ቀስ ብላ።

የመርፌው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፤ ፎጣው ላይ ወደቀች። ትንሿ ሲስተር ከዳቻት፣ ልጇ ከዳቻት፣ አሁን ደግሞ የገዛ አፏ ከዳት። ሌላ ነገር ልትል ፈለገች፤ እናትሽ ነኝ፣ እኔ ነኝ የማውቅልሽ፣ የመሳሰለውን። እነዚያ በግቢው የጮሁባት እናቶች ያሉት ይህንኑ ነበር።

ክሊኒክ ቢሆን ኖሮ የሚደረገውን ታውቃለች። አልፈቀድኩም ያለች ሴት ክንዷ ይሸፈናል፣ እቃው ይሰበሰባል፣ «ችግር የለም፣ ሲመችሽ ነይ» ተብላ ትሸኛለች። መርፌውን ከደነች። የልጇን እጅጌ ራሷ ወደ ታች ሳበችላት።

«ችግር የለም» አለች።

ጉንጬ ጠበቀቻት። ክሊኒኩ አልፈቀድኩም ያለችን ልጅ ምን ብሎ እንደሚሸኝ እናቷ ክፍላቸው መጥታ ስትናገር ሰምታለች፤ የሚቀር ነገር እንዳለ ታውቃለች።

ሲስተር «ሲመችሽ ነይ» የሚለውን ትታ ምላጩን በፋሻ መጠቅለል ጀመረች። ልጅቷ ሲመቻትም ሲጨንቃትም የምትሄደው በጓሮው በር፣ ወደ ትንሿ ሲስተር ነው።