በስፌት መኪና ዘይት የታሸው ሸክላ

«የሣህሌ ድምፅ አብሮ ታጥቦ ቢሄድስ?»

እትዬ አልጣሽ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጡት ዋሉ። ሟቹ ባለቤታቸው ሣህሌ በወጣትነቱ ዘፍኖ ያስቀረጸው ያንን አንድ ሸክላ ብቻ ነው። የልጅ ልጃቸው ሔርሜላ ደግሞ ለእሁዱ ሰርጌ ይከፈትልኝ ብላ፣ ሸክላውን አጥባ ወደ ኮምፒውተር ልትገለብጠው ተነስታለች።

«እማማ፣ ምንድነው እንዲህ የሚያጣብቀው?»

«እንዳይደርቅ ብዬ ነዋ! እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር በስፌት መኪናው ዘይት አሸዋለሁ። አያትሽ መኪናውን እንደዚያ አልነበር የሚንከባከበው?»

ሔርሜላ ሳቋ አመለጣት። «ለካ እንዲህ የሚንጫጫው ለዚህ ነው! ዘይቱ የቦንጋን አቧራ ሁሉ ሰብስቦልሻል።»

ከጋራዥ የባትሪ ውሃ ገዝታ ነበር። እትዬ አልጣሽ ጠርሙሱን ሲያዩ ሸክላውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«አሲድ ልታፈሺበት?»

«አሲድ የለውም፤ የተጣራ ውሃ ነው። ከቧንቧው ይሻላል፤ ሲደርቅ ጨው አይተውበትም።»

በዚያ ሸክላ ላይ አኮርዲዮን የተጫወቱት ጎረቤታቸው ጋሽ ደጀን፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ያሽከረክራሉ። ሣህሌ ከሞተ ወዲህ አኮርዲዮናቸውን ነክተውት አያውቁም።

«እጠቢው፣ እውነቱ ይውጣ» አሉ። «ሣህሌ ‹መሐል ላይ ቀድመኸኝ ገባህ› እያለ ዕድሜ ልኩን ነዘነዘኝ። እንዲያ የሚያስመስለው ጫጫታው ነው እንጂ እኔ አልቀደምኩም። ቀድሜ ከሆነ፣ እሁድ በሰርግሽ እጫወታለሁ!»

«እማማ፣ ምስክር ነሽ!»

ሔርሜላ ሸክላውን ከእትዬ አልጣሽ ነጠላ ተቀብላ፣ በተጣራው ውሃ፣ በጠብታ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጥባ አደረቀችው። ማጫወቻው ሲዞር እትዬ አልጣሽ በሩን ዘጉ፤ የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ። በሽቦ ስለሚቀዳ የውጭ ድምፅ እንደማይገባበት ብትነግራቸውም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ተቀድቶ ሲያልቅ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ቦታ ሔርሜላ መረጠች፤ ኮምፒውተሩ የጫጫታውን መልክ ከዚያ ተምሮ ከዘፈኑ ላይ ይቀንሰዋል።

«ትንሽ ብቻ ቀንሺ፣ ልጄ። እሱን እንዳትጠርጊው።»

«አውቃለሁ። ካበዛሁት ድምፁ ቆርቆሮ ይሆናል።»

ከዚያ አጫወተችው። መጀመሪያ የተሰማው ዘፈኑ አልነበረም፤ ሣህሌ ሊዘፍን አየር ሲስብ ነው። ያንን ትንፋሽ እትዬ አልጣሽ በሸክላው ሰምተውት አያውቁም። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ድምፁ ሙሉ ሆኖ፣ እንዳለ መጣ።

መሐል ላይ አኮርዲዮኑ ፊጥ ብሎ ቀድሞ ገባ። ሣህሌም እየዘፈነ ኪክ ብሎ ሳቀ።

እትዬ አልጣሽ እልልታቸውን አቀለጡት። ሔርሜላ ወደ በሩ ዞረች።

ጋሽ ደጀን ባርኔጣቸውን አጠለቁ። አኮርዲዮኑ ወዳለበት ወደ ቤታቸውም ሄዱ።