በብረት ፈንታ የታረደው በግ

«ነገ ጧት አንተ ትወጣለህ» አለው አቶ ዋኘው ሠራተኛውን ክንዱን፣ የለቅሶ ቤቱን ጠላ ጨልጦ ጢሙን እየጠረገ። «ሕንፃውን የሚመርቀው እንግዳ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ የላይኛው ፎቅ መስኮት መቀባት አለበት።»

ይህን የሚለው ለሠልስት መጥቶ ነው። ሲገባ ኩታውን አዘቅዝቆ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ደቃ፤ ከዚያ ከድንኳኑ የተሻለውን በርጩማ መርጦ ተቀመጠ። እንኳን ሊያለቅስ ዓይኑም አልቀላ።

ክንዱ አቀረቀረ። አጠገቡ የተቀመጠችው እህቱ ትርንጎ ናት፤ ሟቹ ማሩ የእሷ ባል ነው። ዋኘው በሚያሠራው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጎን አንድ የእንጨት ማማ ቆሟል። ሠራተኛ ሳጥን ውስጥ ይገባና በገመድ እየተጎተተ ወደ ላይ ይወጣል። ከትናንት ወዲያ ማሩን እያወጣ ሳለ ማማው ከነሳጥኑ ተገነደሰ። ዛሬ ያንኑ ማማ መልሰው አቁመውታል።

«ቦታው ደም ፈልጎ ነው ይላሉ» ብላ ጎረቤቷ እናኑ ለጎኗ ሴት አንሾካሾከች።

«በግ ታርዶለት የለም እንዴ?»

«አንሶት ነዋ!»

ትርንጎ ሰማቻት። አንሶት! የበጉን ነገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ማሩ ጉረኛ ነበር። «ዛሬ የፋሲልን ግንብ ቁልቁል አየሁት» ይላታል፤ ውሸቱን ነው፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን ግን ሳይጎርር ገባ። «ማማው ይወዛወዛል» አላት። በጣሊያን ጊዜ አዘዞ ሲሠራ እንዳየው ከሆነ፣ ማማ በየፎቁ ከግድግዳው ድንጋይ ጋር በብረት ይታሰራል። እዚህም ታስሮ ነበር። ለልስኑ ብሎ ዋኘው ነው ያስነቀለው። ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ነጭ ሆኗል፤ እንዴት ይበሳል? እንግዳው ቀዳዳ ሊያይ ነው? ይልቅስ ማማው እግር ሥር በግ አሳረደና ተገላገለ።

«ምነው ታዲያ አልወጣም አትለውም?» አለችው።

«ማሩ ፈራ ልባልልሽ?» አለና ከበጉ የደረሰውን ሥጋ አቀበላት። ሸጋ ሥጋ ነበር፤ ቀቅላው አብረው በሉት። አሁን ትዝ ባላት ቁጥር ያቅለሸልሻታል።

«አያ ዋኘው» አለች ቀና ብላ፤ ድምፅዋ በለቅሶ ብዛት ጎርንኗል። «ብረቱ ተመልሶ ገባ?»

«የምን ብረት?»

«ማማውን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ነዋ!»

«ተይ እንጂ ትርንጎ፣ ቀኑ ደርሶ ነው። የእግዜርን ነገር ብረት አይመልሰውም። ደግሞ አሁን በግ አይደለም የማሳርደው፣ ወይፈን ነው!»

ወይፈን! ይህ ሰው አንድ ግድግዳ ከሚበሳ የደንቢያን ከብት በሙሉ ቢያርድ ይቀለዋል።

«አንተ ዋኘው!» አለች ትርንጎ። ድንኳኑ በሙሉ ቀና አለ። «ባሌን ለኖራህ ስትል ገደልከው! ወይፈንህን እረድና በሳጥኑ ራስህ ውጣ! ምነው? ደሙ ከፈሰሰልህ ምን ያስፈራሃል?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ። ዋኘው ተነሣ። «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አለ ለማንም ሳይሆን፤ «ክንዱ፣ ጧት እንገናኝ» ብሎ ወጣ። የሚያሳፍረው ነገር ቢኖር ኖሮ ያኔ ባፈረ ነበር።

ክንዱ ቆይቶ «እታለም፣ እምቢ ብል ክንዱ ፈራ ነው የሚሉኝ» አላት።

ያው የማሩ ቃል ነው። ትርንጎ የወንድሟን ጋቢ ጫፍ ሳበችና ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ ደግማ ቋጠረችው፤ በጥርሷ ነክሳ አጠበቀችው። ክንዱ ሊፈታው እጁን ሲሰድድ የእሷን እጅ ቋጠሮው ላይ አገኘው።

«እሺ» አላት። «አልወጣም።»

እሷ ግን አልፈታችውም። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲገባ ሁለቱ እንደተያያዙ አብረው ተነሡ።