የላንድክሩዘሯ ትርፍ ጎማ

ገሠሠ መኪናው ከተወረሰችበት ቀን ጀምሮ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ቆሞ ይበላል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ የሚዛንን ከተማ ከላይ እስከ ታች ሲለካት ይውላል። ወይ ጉድ! ከማጂ ስትመለስ የነበረች ላንድክሩዘር ኬላ ላይ ተፈትሻ፣ ትርፍ ጎማው በሚቀመጥበት ቦታ ሰላሳ ስቴካ የውጭ ሲጋራ ተገኘባት። ሲጋራውም መኪናዋም ተወረሱ፤ ሾፌሩ ታምሩ ታሰረ። ታምሩ ደግሞ የገሠሠ ሚስት የአጸደ ወንድም ነው።

ገሠሠ ይግባኝ አለ። "እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ሾፌሩ በራሱ ፈቃድ የጫነው ነው" የሚል ማመልከቻ አምስት ጊዜ አስጻፈ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ጎማውን በገዛ እጁ ፈትቶ ጓሮ የጣለው፣ "ጋሼ፣ ይቅርብን" ያለውን ታምሩን "አንተ ፈሪ!" ብሎ የላከው ማን ሆነና ነው? ግን አምስት ጊዜ ሲያስጽፈው ጊዜ ራሱም አመነው።

"ወንድሜን በብረት ለወጥከው" አለችው አጸደ።

"ዝም በይ! መኪናዋ ትውጣ እንጂ ለእሱም ጠበቃ አቆምለታለሁ" ብሎ ወጣ።

ይግባኙ በሚሰማበት ጠዋት መኪናዋ የተያዘችበት ግቢ ዘበኛ ደወለለት፤ የመኪናዋ የፊት ጎማ ተንፍሷል። ገሠሠ ክው አለ። ዛሬ ተለቃ በጎማ ምክንያት እዚያው ልታድር? እየሮጠ ጓሮ ገባ፣ ትርፉን ጎማ አወጣ፣ ባጃጅ ላይ ጫነው። ባጃጇን መንገድ ላይ ጭቃ ሲይዛት ወርዶ እያንከባለለ ደረሰ። ይግባኙ የሚሰማበት ክፍል ድረስም ይዞት ገባ፤ ውጭ ቢተወው ይሰረቃላ!

ታምሩ በፖሊስ ታጅቦ ቀርቧል። ከስቷል። ጎማውን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

የይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ይሄይስ መዝገቡን ገለጡ። "አቶ ገሠሠ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"የመኪናዬ ትርፍ ጎማ ነው ጌታዬ! እንደተለቀቀች ቀይሬ ልነዳት ብዬ ነው።"

"እስካሁን የት ነበር?"

"እቤቴ፣ ጓሮ..."

"ሲጋራው የተገኘው በዚህ ጎማ ቦታ ነው። ማን ፈታው?"

"እኔ ነኝ" አለ ታምሩ ፈጠን ብሎ። "ጋሼ አያውቅም። ሳያየኝ ነው የፈታሁት።"

ገሠሠ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያሳድደው የከረመውን ቃል ይኸው ታምሩ ሳይለመን ሰጠው። ዝም ቢል መኪናዋ ትወጣለች። ታምሩን አየው፤ ታምሩ መሬት መሬቱን ያያል። ገሠሠ አፈረ። በዕድሜው እንደዚያ አፍሮ አያውቅም።

"ውሸቱን ነው" አለ። "የፈታሁት እኔ ነኝ። እሱማ ይቅርብን ብሎኝ ነበር።" ይህን ብሎ ወንበር ሳበና ቁጭ አለ።

በሳምንቱ ጎማውን እያንከባለለ አጸደ ደጅ የደረሰው ከእስር የተፈታው ታምሩ ነው። ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ለእሱ ስንቅ ስታመላልስበት የከረመችውን ምሳ ዕቃ አጥባ በወንድሟ ፈንታ ለታሰረው ባሏ ምሳ ቋጠረች።