የጓንጉል ፈሰስ

በሐምሌ መገባደጃ፣ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ የዋለው ዝናብ አባርቶ ጀምበር ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ፣ ማንያዘዋል ከጤፍ ማሳው ጥግ ቆሞ የተረፈለትን ይመለከት ነበር። ከበላዩ የሚያርሰው ጎረቤቱ ጓንጉል የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ፈሰሱን በማረሻ ቀዶ፣ እንደ አገሩ ልማድ አፉን ከድንበሩ ላይ ለቆት ነበርና፣ ጎርፉ የማንያዘዋልን ማሳ ከመሐል ሰንጥቆ ቡቃያውንም ጥቁሩንም አፈር ጠራርጎ ወስዶታል። የቀረው ጭንጫ ነው።

ሄዶ ቢጠይቀው ጓንጉል ከደጁ እንኳ ሳይነሣ፣ «ውሃው ከድንበሬ ከወጣ በኋላ የእግዜር ነው እንጂ የእኔ አይደለም» አለው። በዚያ ተዳፋት አገር ይህን የማይል ገበሬ አልነበረም። ማንያዘዋል ግን ቃሉ አንጀቱን አሳረረው። ሲነጋ ዶማውን ይዞ ወጥቶ የጓንጉልን የድንጋይ እርከን ሊንድ፣ የዚያንም ሰው አፈር ገደል ሲገባ ቆሞ ሊያይ ቆረጠ፤ እራቱንም ሳይቀምስ ተኛ።

ገና ሸለብ እንዳደረገው፣ ጋቢው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የነካው፣ ፊቱ የማይፈታ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከራስጌው ቆመ።

«ተነሥ፤ የተመኘኸውን ላሳይህ» አለው።

ተከትሎት ወጣ። ኮረብታው ያው የሚያውቀው ኮረብታ ነበር፤ ነገር ግን ከጫፍ እስከ ግርጌ በእርከን ተሸንሽኖ፣ በየሰዉ ይዞታ ዳርቻ ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ፣ ከየማሳው የሚወጣውም ውሃ በማንም ላይ ሳይፈስ ጎን ለጎን ተመርቶ ሣር ወደ ለበሰ ሰፊ ቦይ ገብቶ፣ ጠርቶ፣ ያለ ድምፅ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። በዳገቱም ላይ ኩሩ ኩሩ ሰዎች፣ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ከወንዙ ዳር አፈር በቅርጫት ተሸክመው ሲወጡ አየ።

«እነዚህ ምን አድርገው ነው፣ አባቴ?»

«ፈሰሳቸውን በጎረቤት ላይ የለቀቁ ናቸው። የወሰዱትን አፈር ከወረደበት ቆፍረው ለባለቤቱ ይመልሳሉ።»

ማንያዘዋል ደስታው ልቡን ሞላው፤ ከሸክም ተሸካሚዎቹ መሐል የሚፈልገውን ፊት በዓይኑ ያስስ ጀመር። «ጓንጉልስ የታለ?»

ሽማግሌው በበትሩ አመለከተው። ጓንጉል እርከኑ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥም ነበር።

«እሱ ለምን አልተሸከመም?» አለ ማንያዘዋል።

«ከሳሽ የለውም።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

«አንተ መክሰስ አትችልም። በዚህ አገር ሕግ ከላዩ ያለውን የሚከስ፣ ከታቹ ያለውን ሰው መጉዳቱን ያቆመ ብቻ ነው።» እጁን ይዞ ወደ ማሳው ግርጌ ወሰደው። የማንያዘዋልም ፈሰስ አፉን ከፍቶ የየሻረግን ሽንኩርት ከነመደቡ ይዞ ይወርድ ነበር። የሻረግ ከበታቹ የምታርስ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት። ማንያዘዋል ዘወትር ሽቅብ ሲያይ ኖሮ ወደዚያ ጥግ ዓይኑን ጥሎ አያውቅም ነበር።

«አባቴ፣ ይህን ሁሉ እርከን ያሠራው ማን ነው? ፍቅር ነው?»

«ቂም ነው። ተመከሩ፣ አልሰሙም፤ ተለመኑ፣ አልሰሙም። ጎረቤቱን ለማሸከም ሲል ግን እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ፈሰስ ዘጋ።»

«ጓንጉልስ?»

«እሱም ከበላዩ ባለው ሰው ላይ የቆየ ቂም አለበት። ሳይከሰስ ፈሰሱን የዘጋ አይጠየቅም፤ ነገ ተነሥቶ ከዘጋ፣ አንተ የምትከስበት ነገር አይኖርህም።»

ማንያዘዋል በድንጋጤ ብድግ ብሎ ነቃ።

ጎሑ ቀዶ ነበር። ዶማውን ነጥቆ ወጣ፤ ወደ ጓንጉል እርከን ግን አልሄደም። ወደ ታች ሮጦ፣ የፈሰሱን አፍ በድንጋይ ደፍኖ ውሃውን ወደ ጎን፣ ወደ ሣራሙ ረባዳ፣ ሊመልስ ይቆፍር ገባ። የሻረግ ዶማዋን በትከሻዋ አድርጋ ወደ ሽንኩርቷ ስትወርድ አየችውና ቆመች።

«ምን ነካህ ዛሬ? ለእኔ አዝነህ ነው?»

«ላንቺስ አይደለም፤ ጓንጉልን ላስለቅሰው ነው» አለና በሕልሙ ያየውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነገራት። «ንጹሕ ሆኜ የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ስከሰው ጓንጉል ምን ይለኛል? ያየሁትን ለመንደሩ ሁሉ ነው የምናገረው።»

የሻረግ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ዓይኗ ከተደፈነው አፍ ላይ ተነሥቶ በድንበሩ ዳር ሄደና፣ ገና ክፍት ሆኖ ወደ እርሷ ማሳ የሚወርደው የማንያዘዋል ሁለተኛ ፈሰስ ላይ ቆመ።

«ያኛውንም ልትዘጋው ነው?»

«ከሰዓት በኋላ እደርስበታለሁ።»

«አይዞህ፣ አትቸኩል» አለችና፣ ዶማዋን ከትከሻዋ አውርዳ በፈጣን እርምጃ ወደ ራሷ ማሳ ግርጌ ወረደች፤ ከበታቿ ያለው ሰው ላይ የሚፈሰውን የገዛ ፈሰሷን መድፈን ጀመረች። ማንያዘዋል ወደ ድንጋዩ ጎንበስ አለ። ነገሩ የገባው በኋላ ነው፤ ዶማውን አንሥቶ ወደ ሁለተኛው ፈሰስ ሮጠ።