የ«ተነስቷል» ነገር

«ተነስቷል ነው ያለችኝ፤ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለች ትኬት ቆራጯ ውባየሁ፣ ስልኩን ገና ከጆሮዋ ሳታወርድ።

«ምኑ ነው የተነሳው?» አለ ፈለቀ።

«የሉቃስ ጉዳይ ነዋ!»

«ጉዳዩ ነው ወይስ እገዳው?»

«አንተ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወዳለህ። እገዳው ካልሆነ ሌላ ምን ጉዳይ አለው?»

ሁለቱም ወደ ሉቃስ ዞሩ። ሉቃስ የትኬት ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር። «እኔ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው» አለ፤ «እናንተ ተወልዳችሁበታል፤ ተስማሙና ንገሩኝ።»

የክንፈ ደቡብ አየር መንገድ የጂንካ ሠራተኞች ሥራ ካቆሙ አሥራ አንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ያኔ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ ከብት ይግጥበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። የሉቃስ ሥራ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ፊሽካውን እየነፋ ከብቱንም ሰውንም ከሜዳው ማስወጣት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «አጥር ሥሩልኝ፣ አንድ ሰው ጨምሩልኝ» ሲል ኖሯል። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን የተባረረ ወይፈን ተመልሶ ሜዳው ላይ ዘለለ። የአውሮፕላኑ ጎማ ወይፈኑን ለሁለት ቀደደው፤ ደሙ የመንገደኞቹን መስኮት አለበሰው፤ የፊት ጎማው ተገነጠለ። ሰው አልሞተም። ድርጅቱ አጥሩን ትቶ ሉቃስን አገደ። ሠራተኞቹም እሱ ካልተመለሰ ሻንጣ አንጭንም፣ ትኬት አንቆርጥም፣ ከብትም አናባርርም አሉ።

ስልክ የደወለችው የድርጅቱ ቃል አቀባይ ብዙወርቅ ነበረች። አዲስ አበባ ገብታ ትልቅ ሰው ትሁን እንጂ የጂንካ ልጅ ናት፤ ገበያው ጥግ ምስማርና ማጠፊያ የሚሸጡት የአቶ ገብረ ማርያም ልጅ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከውባየሁ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። ፈለቀ፣ የጫኞቹ አለቃና የሠራተኞቹ ተወካይ፣ የድርጅቱን መግለጫ በሬዲዮ በሰማ ቁጥር ይተፋል። «በገዛ ፈቃዳቸው እረፍት ላይ ናቸው» የተባለ ዕለትማ ሬዲዮኑንም ሊመታው ነበር። ውባየሁ ግን «ብዙዬ ለሕዝብ ትዋሽ ይሆናል፤ ለእኔ አትዋሽም» ትላለች። እሷ አንድን ሰው ካመነች አመነች ነው፤ ለጎረቤት ድመት እንኳ ዋስ ትሆናለች።

«በማን ትምያለሽ?» አላት ፈለቀ።

«መማል ምን ያደርጋል? ዋስ ነኝ። ዋሽታ ከተገኘች በዚያ ታኮ በለኝ።»

ታኮው የአውሮፕላኑ ጎማ እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚሸጎጥ፣ በብረት የተለበጠ ግንድ ነው። ፈለቀ አየው፤ እሷንም አየ። «እሺ» አለ፤ ሠራተኞቹም ወደ ሥራ ተመለሱ።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ አውሮፕላኑ መጣ። ሉቃስ ጫማውን አስሮ፣ ፊሽካውን ነክሶ፣ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ወደ ሜዳው ገባ። ላሞቹን ዳር አስያዘ፤ ሙዝ ተሸክመው የሚያቋርጡትን ሴቶች «እናቶች፣ ዛሬ እንኳ አትጨቃጨቁኝ» እያለ አሳለፋቸው። አውሮፕላኑ አርፎ ቆመ። ፈለቀ ታኮውን ሸጎጠ።

መጀመሪያ የወረዱት ዱላ የያዙ ሁለት የድርጅቱ ጥበቃዎች ነበሩ። ብዙወርቅ ወረቀት ይዛ ከኋላቸው ወረደች። ጥበቃዎቹ ዓይናቸው ሜዳው መሐል ያለው ሉቃስ ላይ ወደቀ።

«ካርድህን» አለው አንደኛው።

«ሲያግዱኝ ተቀብለውኛል። እገዳው ስለተነሳ ዛሬ …»

«ሉቃስ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ» ብሎ ፊሽካውን መልሶ ነከሰ፤ አንዲት ጥጃ ወደ አውሮፕላኑ ስትሄድ አይቶ ነበር።

ዱላው አፉ ላይ አረፈ። ፊሽካው ከጥርሱ ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ሉቃስ ተንበረከከ፤ ሁለተኛው ጀርባውን ደገመው። በተነፈሰ ቁጥር ከደሙ መሐል ፊሽካው ይጮኻል፤ ፊሽካ የለመዱት ከብቶች ደግሞ ድምፁን ሲሰሙ ይሮጣሉ፤ ከብት ሲሮጥ ገበያተኛው ይሮጣል። ሜዳው በአንድ አፍታ አቧራና ጩኸት ሆነ። ሉቃስ ሊነሳ እጁን መሬት ላይ ተከለ። አንደኛው በቦት ጫማው ጭኑ ላይ ቆመበት፤ ሌላው ከጉልበቱ በታች በዱላው መታው። የእግሩ አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ አገዳ ጮኸ። ውባየሁ ከትኬት ክፍሉ በር ሆና ሰማችው።

ፈለቀ ታኮውን ከጎማው ሥር ነቅሎ ሮጠ። አንደኛውን ጥበቃ ጆሮ ግንዱ ላይ አለው፤ ሰውዬው ድምፅ ሳያሰማ ተዘረረ። ሁለተኛው ሲዞር ፈለቀ ደረቱን መታው፤ ሲጎነበስ ደግሞ አፍንጫውን በጉልበቱ ሰበረው። ከገበያው የመጡ ጎረምሶች ድንጋይ ማንሳት ጀመሩ።

«ቁሙ!» ብላ ጮኸች ብዙወርቅ፣ ወረቀቱን ወደ ላይ አንስታ። «ከቦታው ተነስቷል ነው የተባለው፤ ይመታ አልተባለም!»

ፈለቀ ቀስ ብሎ ዞረ። «ከቦታው?»

እሷም አፏ ያወጣውን ያን ጊዜ ሰማችው፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«ከቦታው ተነስቷል? ወይዘሮ ቃል አቀባይ፣ ያ ተነስቷል ይኼ ነው?» አለ፤ ታኮውንም አነሳ። የጥበቃው ደም ከብረቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ታኮው ሲወርድ መሐል የገባችው ውባየሁ ናት። እጇን ጋረደች። ክንዷ ከመሐሉ ታጠፈ፣ ክንድ በማይታጠፍበት በኩል። አልጮኸችም፤ ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ «ዋስ ነኝ ብዬህ አልነበረም?» አለችው። ፈለቀ ታኮውን ጥሎ እዚያው ቆመ፤ ፖሊስ መጥቶ እስኪይዘውም አልተንቀሳቀሰም።

ሉቃስንና ውባየሁን አንድ ባጃጅ ላይ ጫኗቸው። ብዙወርቅ ሳትጠየቅ ገብታ የሉቃስን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አደረገች። ባጃጁ ጉድጓድ ሲያገኝ ሁለቱ ያቃስታሉ።

«ስትደውዪ ታውቂ ነበር?» አለቻት ውባየሁ።

«ቃሉን አለቃዬ ነው ጽፎ የሰጠኝ። ‹ጉዳዩ ተነስቷል በያቸው፤ እንደገባቸው ይግባቸው› አለኝ። ጉዳዩ ስብሰባ ላይ መነሳቱስ ተነስቶ ነበር። ከቦታው ይነሳ ተብሎ ተዘጋ።»

«ታውቂ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።»

ብዙወርቅ የሉቃስን አፍ በነጠላዋ ጠረገች። «አውቅ ነበር። ‹ምኑ?› ብለሽ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም፤ አመንሽኝ።»

«ፈለቀ ጠይቆ ነበር» አለች ውባየሁ።

በማግስቱ ድርጅቱ «መጠነኛ አለመግባባት ተከስቶ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚል መግለጫ በስልክ አጽፎ በሬዲዮ እንድታነበው አዘዛት። ብዙወርቅ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማይክራፎኑ ፊት ስለ ወይፈኑ፣ ስላልተሠራው አጥር፣ ስለ ስልኩና ስለ ዱላው ያየችውንና ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች። «ተነስቷል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብላም ጨረሰች። አቶ ገብረ ማርያም ሱቃቸውን ዘግተው አዳመጡ፤ ሲያልቅ ከፍተው ምስማር መመዘናቸውን ቀጠሉ።

ከአምስት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሉቃስ እግሩ በጀሶ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ተኝቶ ነበር። ሦስት የፊት ጥርሶቹ የሉም። ውባየሁ የተሰበረ ክንዷን አንገቷ ላይ አስራ አጠገቡ ተቀምጣለች። ፈለቀም ከእግርጌ ቆሟል፤ የተዘረረው ጥበቃ ነፍሱ ተርፎለት፣ እሱም ከጣቢያ በዋስ ወጥቷል። ዋሱ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም፤ በግራ እጇ ነው የፈረመችው።

ብዙወርቅ በር ላይ ቆማ ደብዳቤ አሳየች። «እገዳው ተነስቷል» አለች።

«የቱ ተነስቷል?» አለ ፈለቀ።

«የሥራ እገዳው ተሽሯል። ሉቃስ ወደ ሥራው ይመለሳል። አጥርም ይሠራል ይላል።»

ውባየሁ ደብዳቤውን በደህናው እጇ ተቀብላ ከማህተሙ ጀምራ ወደ ላይ አነበበችው፤ ከዚያ ደግሞ ከላይ ወደ ታች። አጥፋም ሉቃስ ትራስ ሥር ከተተችው። «አንቺስ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«እኔም ተነስቻለሁ» አለች ብዙወርቅ። «ከቦታዬ።»

ሉቃስ የተንጠለጠለውን እግሩን ከጀሶው እስከ ገመዱ፣ ከገመዱ እስከ ጣሪያው አየው።

«እንግዲያ» አለ፣ በሌሉት ጥርሶቹ መሐል እያፏጨ፣ «ያልተነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ።»